«ምነው ወባ ይዛኝ በተኛሁ!» በሕመም ስለ ማሳበብና ስለ ዕረፍት

ዶርም ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ይህችን ንግግር ሳይሰማት አልቀረም። የፈተና ሰሞን ይደርሳል፣ አሳይመንት ይደራረባል፣ ፕረዘንቴሽን ይጨመርበታል። ያን ጊዜ አንዷ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ትንጋለልና «ምነው ሁለት ቀን ታምሜ በተኛሁ!» ትላለች። ከላይኛው አልጋ ሌላዋ ትቀበልና «ለእኔ ታይፎይዱ ይበቃኛል፣ ታይፈሱን ለአንቺ ትቼልሻለሁ» ትላታለች። ይሳቃል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየደብተሩ ይመለሳል። የሚገርመው «ምነው ሁለት ቀን ባረፍኩ» የሚል አለመኖሩ ነው። ማረፍ የፈለገ ሰው መታመምን ይመኛል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማየት የምሞክረው ይህንኑ ነው። ዕረፍትን ለምን በራሱ ስም አንጠይቅም? ቀልዱስ ማንን ያሳርፋል፣ ማንንስ ይጎዳል?

እኔ ቀልዱን የማውቀው ግቢ ከመግባቴ በፊት ነው። ያደግኩት ጊምቢቹ ነው። ጊምቢቹ ከሆሳዕና በደቡብ ምዕራብ በኩል የምትገኝ፣ በሀዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ከደጋ ጀምሮ ወደ ኦሞ ሸለቆ እየወረደ ስለሚሄድ፣ ቆላ ማሳ ያለው ወይም ቆላ ለሥራ የሚወርድ ሰው ሁሉ ወባን በደንብ ያውቃታል። በሰፈራችን ሥራ የበዛበት ሰው የሚመኘው ታይፎይድ ሳይሆን እሷን ነው። «ምነው ወባ ይዛኝ በተኛሁ!» ይላል።

ለምን ወባ እንደተመረጠች ሳስበው ምክንያት አለው። ወባ ልክ አላት። ታንቀጠቅጣለች፣ ታተኩሳለች፣ ታልብና ትለቃለች። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ በየሁለት ቀኑ ቀጠሮ እንዳለው እንግዳ ይመላለሳል። ፋልሲፓረም ለሚባለው ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን ይወሰዳል። በሰው አእምሮ ውስጥ ያለችው ወባ እንግዲህ የሦስት ቀን ኪኒን፣ የሦስት ቀን አልጋ፣ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ከዚያ መነሳት ናት። ለቀልድ የሚሆን በሽታ እንዲህ ያለው ነው። የሚያስተኛ፣ ግን የሚነሱበት። በካንሰር ወይም በሳንባ ነቀርሳ ማንም ሲቀልድ ሰምቼ አላውቅም። ወባ ግን ፋልሲፓረሙ ወደ አንጎል ሲወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ይህ ክፍል ከቀልዱ ውስጥ ተቆርጦ ወጥቷል።

እናቶቻችን ይህን ቀልድ አይወዱትም። አንዲት ልጅ «ምነው በታመምኩ» ካለች መልሱ ወዲያው ነው፦ «አትሟርቺ! የሰይጣን ጆሮ ይደፈን!» ክፉን በአፍ መጥራት ክፉን መጋበዝ ነው የሚል እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ሰላምታችን ራሱ «ጤና ይስጥልኝ» ነው። ያስነጠሰውን «ይማርህ» እንላለን። ጤናን ከአፉ የማያጠፋ ማኅበረሰብ ውስጥ ሕመምን የሚመኝ ቀልድ ይህን ያህል መልመዱ የሆነ ነገር ይጠቁማል።

በሶሺዮሎጂ ትምህርታችን የምናገኘው አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው «ዘ ሶሻል ሲስተም» በተሰኘው መጽሐፉ ለዚህ የሚሆን መነሻ ይሰጠናል። እንደ እሱ አገላለጽ መታመም የአካል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ማኅበራዊ ሚናም ነው። ሕመምተኛ ሁለት መብት ያገኛል። አንደኛ፣ ከተለመደው ሥራና ግዴታው ነፃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በመታመሙ አይወቀስም። በምትኩ ሁለት ግዴታ አለበት፦ መዳንን መፈለግና ባለሙያ ዘንድ ሄዶ መታከም። ቀልዱን በዚህ ሚዛን ስናስቀምጠው ነገሩ ይገለጣል። «ምነው በታመምኩ» የሚለው ሰው ሁለቱን መብቶች ይፈልጋል፣ ሁለቱን ግዴታዎች አይፈልግም። ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ደግሞ «አይወቀስም» የምትለዋን ይመስለኛል። ሥራ ማቆም እኮ ማንም ይችላል። የሚከብደው ሳይወቀሱ ማቆም ነው።

ፓርሰንስ ሲጽፍ በዓይነ ኅሊናው የነበረው የአሜሪካው ሐኪም ነው። ታመሃል ወይም አልታመምክም ብሎ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው። ጊምቢቹ ላይ ግን ከሐኪሙ በፊት ሌሎች ዳኞች አሉ። ባል አለ፣ አማት አለች፣ ጎረቤት አለ። የእነሱ ፍርድ ደግሞ በቴርሞሜትር አይደለም። «ትናንት ገበያ አይቻት የለ?» ከተባለ አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። «አረፈ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። ሥራውን ትቶ አረፈ እንላለን፤ ሰው ሲሞትም በክብር «አረፈ» እንላለን። «ልረፍ» የምትል ሴት ስትሰማ ጆሮ ትንሽ የሚቆረቁረው ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን «አረፍ በሉ» የሚባለው ለእንግዳ ነው። ወንበር ተስቦለት፣ ውሃ ቀርቦለት። የቤቱን ሴት «አረፍ በይ» የሚላት ብዙ ጊዜ ያ እንግዳው ራሱ ነው፣ እሷም «ኧረ ምን ሠርቼ!» ትለዋለች። ቡናው እንኳ የጋራ ዕረፍት ነው ብለን ብናስብ፣ የምትቆላውና የምትወቅጠው እሷ ናት።

በእኛ አካባቢ የዚህ ነገር እምብርት እንሰት ነው። በሀዲይሳ ዌሳ ይባላል። ተከላው በአብዛኛው የወንድ ሥራ ሲሆን ከተቆረጠ በኋላ ያለው ከሞላ ጎደል የሴት ነው። ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ከፊቷ ዘመም ብሎ የቆመ ሳንቃ አለ። የእንሰቱን ቅጠል ግንድ ሳንቃው ላይ በአንድ እግሯ ተረከዝ ጠፍራ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ሥሩ፣ ማለትም አሚቾው፣ ጥርስ ባለው መሣሪያ ይከታተፋል። ከዚያ ይጨመቃል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ይሆናል፤ የቀረው በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየተብላላ ቆጮ ይሆናል። ሥራው በደቦ ነው የሚሠራው፤ ብቻዋን የሚወጣት ሴት የለችም። ደቦ ደግሞ ቁጥር ነው። አንዷ ስትቀር የእሷ ድርሻ ለሌሎቹ ይተርፋል። ስለዚህ የቀረችው ሴት «ደክሞኝ ነው» ማለት አትችልም፤ ማን ያልደከመው አለ? «አሞኝ ነው» ስትል ግን ሥራው በሌላው ላይ ቢጨመርም ወቀሳ የለም። እንዲያውም ማታ ሊጠይቋት ይመጣሉ።

ከዚህ ውጪ ለሴት በስሙ የታወቀ አንድ ዕረፍት አለ። አራስነት። አራስ ሥራ አትሠራም፤ የቡላ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላታል፣ ጎረቤት እየመጣ ቤቷን ያግዛል፣ ከአልጋ ብትነሳ «ተኚ!» ተብላ ትቆጣለች። የስንት ቀን እንደሆነ እንደ ቤቱ አቅም ይለያያል። ትዝ ይለኛል፣ የሰፈራችን ሴቶች ቡና ላይ ሲቀልዱ አንዷ «ልጁ ይቅርብኝና አራስነቷን ብቻ በሰጡኝ» አለች። ሁሉም ከልባቸው ሳቁ። አስተውሉ፣ እዚህ ቀልድ ውስጥ በሽታ የለም። ዕረፍት የራሱ ስም ካለው በሽታ መመኘት አያስፈልግም።

ያሆዴም እንዲሁ ነው። በመስከረም የሚከበረው የሀዲያ የዘመን መለወጫ ሲደርስ፣ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በዊጆ ያጠራቀሙት ቅቤ ይወጣል፣ ወንዶች በቱታ ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፣ አታካናው ይሠራል። የከምባታዎቹ መሳላም በዚያው ሰሞን ነው። እንሰቱ ቀደም ብሎ ተፍቆ ያለቀ ስለሆነ በዓሉ ላይ ለመፋቅ የሚቀመጥ የለም። በእነዚያ ቀናት ለምን ቁጭ አልሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በሕመም የሚያሳብብም አላየሁም። (ማድ ቤት ውስጥ ያለችውን ግን ይህ አባባል አይመለከታትም፤ ለእሷ በዓልም ሥራ ነው።) የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ያልተከፈለው የቤት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ላይ የወደቀ መሆኑ ታይቷል። ጊምቢቹን ለሚያውቅ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ከተማና ወደ መሥሪያ ቤት ስንመጣ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ የመጀመሪያ ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎትም አንድ ቀን ይጨምራል። የሕመም ፈቃድ ደግሞ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሁለቱን ፈቃዶች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። የዓመት ዕረፍት አስቀድሞ ይጠየቃል፣ ፕሮግራም ይወጣለታል፣ አለቃ ይፈርምበታል። ድካም ግን በፕሮግራም አይመጣም። ሰኞ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሠራተኛ ለዚያች ቀን የሚሆን ሌላ በር የለውም፤ ያለው የሕመሙ በር ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይሰለፍና «ሲክ ሊቭ ጻፉልኝ» ይላል። ያ ሰልፍ የእውነት የታመሙትም ሰልፍ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ ሠራተኛ እስከ 7 ቀን ድረስ ያለ ሐኪም ወረቀት በራሱ ቃል ታምሜያለሁ ማለት ይችላል፤ በስዊድንም ወረቀት የሚጠየቀው ከ8ኛው ቀን ጀምሮ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ቢደረግ አገር ምድሩ ይተኛ ነበር የሚል ይኖራል። ይሆናል። ቢያንስ ግን ሰልፉ ያጥር ነበር።

የግቢውም አሠራር ተመሳሳይ ነው። ፈተና ላመለጠው ተማሪ ሜካፕ የሚሰጠው ሜዲካል ካመጣ ነው። ሦስት ሌሊት ሳይተኛ አጥንቶ ጭንቅላቱ የዞረበት ተማሪ ዞረብኝ ቢል አይሰማም፤ ታይፎይድ ካለው ግን ይሰማል። ታዲያ ታይፎይድ በዶርም ቀልድ ውስጥ ይህን ያህል መንገሡ ይደንቃል? (በነገራችን ላይ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ የሌለውን አለ ስለሚል፣ «ትንሽ ታይፎይድ ነገር አለብህ» ከተባሉት መካከል የእውነት ያለበት ምን ያህሉ እንደሆነ እንጃ።)

ለማሳበብ የሚመረጡት ሕመሞችም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የማይታዩ መሆን አለባቸው። ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ወገብ። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ላለ ሰው ማስረጃ አምጣ አይባልም። ወባ ቀድሞ ከእነዚህ ወገን ነበረች፤ ያተኮሰው ሁሉ ወባ ነው ተብሎ ኪኒን ይሰጠው ነበር። አሁን ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አድርሷል፤ ኤክስቴንሽኗ ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን መመርመሪያ በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤቱን ትናገራለች። አለ ወይም የለም። ለሕክምናው ትልቅ እርምጃ ነው። ለማሳበቡ ግን አንድ በር ተዘጋ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ተኩላ መጣ» እያለ የቀለደውን እረኛ ታሪክ ሁላችንም በአንደኛ ደረጃ ተምረናል። እዚያ ታሪክ ላይ የሚቀጣው ዋሾው ራሱ ነው። በሕመም ቀልድ ግን የሚቀጣው ሌላ ሰው ነው። ሁሌ «አሞኝ ነው» ሲባል የሰማ ቤተሰብ፣ የእውነት ያተኮሳት ምራት «አሞኛል» ስትል «ደግሞ ጀመራት» ይላል። ወባ ደግሞ ጊዜ አትሰጥም። ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመርና መታከም እንደሚገባ የጤና ባለሙያዎች የሚወተውቱት ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘዋል፣ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታዋን ተናግራ ያልታመነችውስ?

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። ቀልደኛው ሙሉ በሙሉ ዋሾ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎችን ወስዶ እንቅልፋቸውን ለካ፤ ከዚያ የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ጨመረባቸው። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የተኙት፣ ከ7 ሰዓት በላይ ከተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ በ2016 ብቻ 745,000 ያህል ሰዎች በስትሮክና በልብ ሕመም እንደሞቱ ገምተዋል። እንግዲህ ያላረፈ ሰው «ሊያመኝ ነው» ሲል ትንቢት እየተናገረም ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን «አትሟርቺ» ሲሉ የሚከለክሉት ምኞቱን ነው፤ ድካሙን ግን ማንም አይከለክልም።

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ወርጄ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችንን ወደ ጤና ኬላ ሸኘኋት። የአራት ልጆች እናት ናት። ለሁለት ቀን እንሰት ስትፍቅ ከርማ ራሷን ይዟታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ ብርድ ብርድ ይላታል። ኤክስቴንሽኗ የእኛው ሰፈር ልጅ ነች፤ ደሟን ወሰደችና ጠበቅን። ሙቀቷንም ለካቻት። ከዚያ ደስ እያላት «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወባ የለብዎትም፤ ድካም ነው» አለቻት። ሴትየዋ ደስ አላላትም። ነጠላዋን እያጣፋች «ታዲያ ቤት ገብቼ ምን ልበላቸው?» አለች።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ለራስ ምታቱ ማስታገሻ ሰጠቻትና አብራን ቤት ድረስ መጥታ ለአማትየዋ ዛሬና ነገ መተኛት እንዳለባት፣ ከነገ ወዲያ መጥታ እንደምታያት ነገረቻቸው። አማትየው «ምን አገኛት?» ብለው ጠየቁ። «ድካም» አለች ኤክስቴንሽኗ። አሮጊቷ ለአፍታ ዝም ብለው ቆዩና አንዷን ልጅ ጠርተው ምድጃው ላይ ውሃ እንድትጥድ አዘዙ። ሁለቱን ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከደቦው ጋር ተቀምጣ ስትፍቅ አየኋት፤ ሴቶቹ «ዳንሽ?» ይሏታል፣ እሷም «ኧረ ድኛለሁ» ትላለች።